አብሽር

ሰሞኑን ከዋጃ ገበያ ስመለስ የተሳፈርኩበት ባጃጅ መሀል መንገድ ላይ ጎማው ፈነዳ። ሰዓቱ ሰባት ተኩል ነው። የዋጃን የሰባት ሰዓት ተኩል ፀሐይ ለማያውቀው ማስረዳት አይቻልም፤ ለሚያውቀው ደግሞ አያስፈልግም። ጭኔ ላይ አንድ ፌስታል የበሰለ ቲማቲም አለ። ልጁ ወረደ፣ ጎማውን በነጠላ ጫማው ጫፍ ነካ ነካ አደረገው፣ ትርፍ ጎማም ክሪክም እንደሌለው አረጋገጠልኝ፤ ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አብሽር ጋሼ!»

ይህን ባይለኝ ኖሮ ዝም ብዬ በእግሬ እሄድ ነበር።

ወሎ ውስጥ አብሽር የማይባልበት ጉዳይ እንደሌለ አውቃለሁ። ዝናብ ለቀረበት ገበሬ አብሽር፤ ዝናቡ በዝቶ ጎርፍ ማሽላውን ለወሰደበትም አብሽር። ልጁ ፈተና የወደቀበት፣ ጥርሱን ያመመው፣ ሚስቱ የኮበለለችበት፣ ሁሉም በአንድ ቃል ይስተናገዳል። ባዩ ኪሱ አይጎድልም፣ ተቀባዩም አይጠግብም፤ ግን ሁለቱም ቀለል ብሏቸው ይለያያሉ። እኔም ለስንቱ ብዬዋለሁ። ከቃሉ ጋር የተጣላሁት ጅዳ ነው።

ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ መንግሥት ያቋቋመው፣ የመኖሪያ ፈቃድ የሚታደስበት፣ የመውጫ ቪዛ የሚወጣበት፣ በኮምፒዩተርና በስልክ የሚሠራ አገልግሎት አለ። ስሙ «አብሽር» ነው። ቀልድ አይደለም። እነሱ አብሽር ሲሉ «እሺ፣ እንዳልከው ይሆናል» ማለታቸው ነው። እኛ ስንል «አይዞህ» ነው። አይዞህ ደግሞ የሚባለው እንዳለው ላልሆነለት ሰው ነው። በእነዚህ በሁለቱ ትርጉሞች መካከል 11 ዓመት ኖሬያለሁ።

በ2004 ሹፌር ነበርኩ፤ ሹፌር ስል ሹፌር። ከዋጃና ከቆቦ ሽንኩርት በአይሱዙ ጭኜ ደሴ፣ ሲቀናኝም አዲስ አበባ አራግፋለሁ። ያችን አይሱዙ አገሩ በፍጥነቷ የተነሣ ምን ብሎ እንደሚጠራት ታውቃላችሁ። ወደ ጅዳ በላከኝ ኤጀንሲ ውስጥ ፎርም የምትሞላው ልጅ «ምን ነበር የምትነዳው?» ስትለኝ በልማድ «አልቃይዳ» አልኳት። ብዕሯን አስቀመጠች። «ወንድሜ፣ እዚያ ስትደርስ እንዲህ እንዳትል» አለችኝ በሹክሹክታ፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የመካ ሥዕል እንዳይሰማት የፈራች ይመስል።

መንጃ ፈቃዴ «ደረቅ 2» ነው። ለእናንተ ማስረዳት አይጠበቅብኝም፤ ሰው የሚጭነው «ሕዝብ»፣ ነዳጅ የሚጭነው «ፈሳሽ»፣ እህልና ሲሚንቶ የሚጭነው «ደረቅ» ነው። ተርጓሚው ግን ጠንቃቃ ሰው ስለነበር ቃል በቃል «ጃፍ» ብሎ ወደ ዓረብኛ መለሰው። ጃፍ ማለት ውኃ የሌለው፣ የደረቀ ማለት ነው። ጅዳ ያለው ጸሐፊ ወረቀቱን አነበበ፣ እኔን አየኝ፣ መልሶ ወረቀቱን አነበበ። ያኔ 52 ኪሎ ነበርኩና የተረጋገጠለት መሰለኝ።

ቀጥሎ ቀኑን አየ። መንጃ ፈቃዱ እስከ 2006 ያገለግላል ይላል። ዘመኑ በእኛ 2004፣ በፈረንጅ 2012፣ በእነሱ በሂጅራ 1433 ነው። ሰውዬው በፈረንጁ አነበበና «ይሄ ካለፈበት 6 ዓመቱ ነው» አለኝ። በራሱ በሂጅራ ቢያነብልኝ ኖሮ ገና 573 ዓመት ይቀረኝ ነበር! ይህንኑ ሳስረዳው የሚስቅ መስሎኝ ነበር። አንድ ነገር ከያዝኩ አልለቅምና ያን ሌሊት ሦስቱን ዘመናት ስደምርና ስቀንስ አደርኩ። የሂጅራ ዓመት ከፀሐዩ በ11 ቀን ያህል ያጥራል። የእኔ ኢቃማ ደግሞ በየዓመቱ ይታደስ የነበረው በሂጅራ ነው። ስለዚህ በ11 ዓመት ውስጥ አራት ወር ያህል ይበላል ማለት ነው። የሚበላው የማን ነው? የማሳደሻውን የሚከፍለው አሠሪዬ ስለሆነ የእሱ። ለእሱ ገንዘብ እኔ እንቅልፍ አጣሁ።

ኢቃማ ያልኩት የመኖሪያ ፈቃዱን ነው። እኛ ዋጃ ኢቃማ የምናውቀው ከአዛን ቀጥሎ፣ ሰው ለሰላት ሊሰለፍ ሲል የሚባለውን ነው፤ ሰምተህ ትነሣለህ። ያኛውን ኢቃማ ከያዝክ በኋላ ግን ያለ ፈቃድ ንቅንቅ አልነበረም። አሠሪው ደግሞ «ከፊል» ይባላል፤ ዋስ፣ ተጠሪ እንደ ማለት። እኔ በአማርኛዬ ከፊል ሲሉኝ ሙሉው የሚመጣ መስሎኝ ስጠብቅ ከረምኩ።

ካርዱ ላይ የሥራዬ ስም «ሳኢቅ ኻስ» ተብሎ ሰፈረ፤ የግል ሹፌር። ኩንታል እንጂ ሰው ጭኜ አላውቅ! ሽንኩርት ቀዝቃዛውን ጨምር፣ ቀዝቃዛውን ቀንስ አይልህም። ቢሆንም ለመድኩት። ልጆቹን ትምህርት ቤት፣ እመቤቲቱን ገበያ፣ ሽማግሌውን ሐኪም ቤት፣ እንግዳውን ኤርፖርት። ኤርፖርቱንማ ዓይኔን ጨፍኜ እደርስበታለሁ።

እናቴ ማረፏን የሰማሁትም እዚያው ነው። በሩ ላይ አቁሜ ለእንግዳ ሻንጣ እያወረድኩ ስልኬ ጮኸ። አውሮፕላኑ ከፊቴ ነው። ልሄድ ብል ግን የመውጫና የመመለሻ ቪዛ ያስፈልገኛል፤ ቪዛው ያለው በከፊሌ አብሽር ውስጥ ነው፤ ከፊሌ የሚስጥር ቁጥሩን ረስቶታል፤ ቁጥሩን የሚያውቀው ልጁ ነው፤ ልጁ ለሽርሽር ሄዷል። ዘጠኝ ቀን! በየቀኑ እጠይቀዋለሁ፣ በየቀኑ «አብሽር» ይለኛል። የአገሩን ሰው በየደጃፉ ሳደርስ የኖርኩ ሰውዬ፣ የእናቴን ለቅሶ ለመድረስ የአንድ ጎረምሳ ጣት ከሽርሽር እስኪመለስ ጠበቅሁ። ያው ጣት ቢያሰኘው ደግሞ «ሁሩብ» ብሎ፣ ጠፍቷል ብሎ በዚያው ስልክ ሊያመለክትብኝ ይችላል፤ ለዚያ ማን ቁጥር ይረሳል? መጋቢት 2013 ላይ ሠራተኛ ያለ አሠሪው ፈቃድ ወጥቶ መመለስም፣ አሠሪ መቀየርም ይችላል የሚል አዲስ ደንብ ሥራ ላይ ዋለ ሲባል እልል ልል ምንም አልቀረኝም። የቤት ሠራተኛን አይጨምርም ተባለ። የግል ሹፌር ከቤት ሠራተኛ ይቆጠራል። የኩባንያ ከባድ መኪና የሚነዳው ተፈቀደለት፤ እኔ ባለ ደረቅ 2ቱ ካርዴ ላይ በተጻፈች አንዲት ቃል የተነሣ ከወጥ ቤቷ ጋር ቀረሁ። ይህን ያረቀቀ ሰው የግል ሹፌር የለውም? አለው እንጂ! ነገሩም ይኸው ነው።

ሽማግሌው ከፊሌ ግን ክፉ ሰው አልነበረም። ዘግይቶም ቢሆን ቲኬቱን በራሱ ገንዘብ ነው የቆረጠልኝ። እመቤቲቱም ብትሆን፣ ሰኔ 2010 ሴቶች እንዲነዱ ሲፈቀድ መሪ የለመደችው እኔን ከጎኗ አስቀምጣ ነው። አስተማሪው እኔ፤ እሷ ስትችል ሥራ የሚያጣውም እኔ። ማርሽ ወደ ኋላ አስገብታ ስትደነብር «አብሽሪ» እላት ነበር። በየትኛው ትርጉም እንደነበረ እስካሁን አልወሰንኩም። ቶሎ እንዳትለምድ ዱዓ አድርጌም ይሆናል።

የባጃጁ ልጅ ጎማውን ተሸክሞ ሊያስለጥፍ ሲሄድ እኔ የባጃጅ ዘበኛ ሆኜ ቀረሁ። ተመልሶ ብሎኑን እያጠበቀ መንጃ ፈቃዱን ወደ ደረቅ ሊያሳድግ እንደሆነ፣ ከዚያም ዱባይ እንደሚሄድ አጫወተኝ። ተርጓሚ አገኘህ ወይ? አልኩት።

«አንተ ዓረብኛ ትችል የለ? ደረቅን ምን ልበለው?»

አሰብኩ። «ጭነት» ቢባል ይበቃ መሰለኝ። ግን ፈሳሹም ጭነት ነው። ቲማቲሙ ከፌስታሉ መንጠባጠብ ጀምሯል፤ ለመሆኑ እሱስ ደረቅ ነው ፈሳሽ?