ሞተርን ዝም የማሰኘት ጥበብ

ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ የሚያገኘውን ኃይል በሙሉ ለጎማ አይሰጥም። በግምት ሲሶው መኪናውን ይነዳል፣ ሲሶው በጭስ ማውጫ ይወጣል፣ የቀረው ብረቱን ያግላል። ያንን ግለት ከብረቱ ተቀብሎ ወደ ራዲያተር የሚያደርሰው ፈሳሽ፣ ፈሳሹን የሚገፋው ፖምፓ፣ ፖምፓውን የሚያዞረው ቺንጋ፣ ፍሰቱን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት፣ አየር የሚስበው ፋንና ግፊት የሚይዘው ክዳን በአንድ ላይ የማቀዝቀዣ ክፍል ይባላሉ። መሐንዲሶች እነዚህን ለማስማማት ከመቶ ዓመት በላይ ደክመዋል። የአዲስ አበባ ባለመኪና ደግሞ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ በአንድ ካቻቢቴና በጎረቤት ምክር፣ ግማሾቹ ትርፍ መሆናቸውን ደርሶበታል።

ጥበቡ ከፈሳሹ ይጀምራል። አምራቹ ኩላንት ይላል፤ ኤቲሊን ግላይኮል ከተጣራ ውሃ ጋር ግማሽ በግማሽ ተቀላቅሎ፣ ዝገት የሚከላከል ኬሚካል ተጨምሮበት ማለት ነው። ባለመኪናው ግን ኩላንት የበረዶ አገር ሰው ጭንቀት መሆኑን ያውቃል። እዚህ ውሃ በረዶ ስለማይሆን አንድ ሃይላንድ ከቧንቧ ሞልቶ መገልበጥ ይበቃል። በረዶ የማይሆነው ውሃ ቶሎ እንደሚፈላ ማንሳት ጨዋታ ማበላሸት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች ውሃ የሚፈላባት በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ጤነኛ ሞተር ደግሞ የሚሠራው በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይህችን ጠባብ ልዩነት የሚያሰፋው የራዲያተሩ ክዳን ብቻ ነው። 0.9 ባር የሚይዝ ክዳን የውሃውን መፍያ ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ያደርገዋል። የክዳኑ ጎማ ደርቆ ሲሰነጠቅ ግን አዲስ መግዛት ብክነት ስለሆነ ፌስታል አጥፎ ከሥሩ መጎዝጎዝ ይመረጣል። ፌስታል ስንት ባር እንደሚይዝ እስካሁን የጻፈ የለም።

ወራት ሲያልፉ ውሃው መልኩን ይለውጣል። የብረቱ ዝገት ያቀላዋል፣ የቧንቧ ውሃ ይዞት የመጣው ማዕድን በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ላይ ይጋገራል፣ የፖምፓው ጎማ እየተበላ ያንጠባጥባል። የሚያንጠባጥበውን ለመድፈን በብዙ አገር የሚታወቀው እንቁላልና ቁንዶ በርበሬ አለ፤ ራዲያተሩ ውስጥ ሲበስል ቀዳዳውን ይደፍናል፣ ቀዳዳ ያልሆኑትንም ሳያዳላ ይደፍናል። ኩላንት ካልገዛሁ ሞቼ እገኛለሁ የሚል ግትር ሰው ከተገኘ ደግሞ ምርመራው ቀላል ነው። ቀለሙ አረንጓዴ ወይም ቀይ ከሆነ ኩላንት ነው። አንዳንዱ በጣቱ ነክቶ ቀምሶ ጣፋጭነቱን ያረጋግጣል። ኤቲሊን ግላይኮል በእርግጥ ይጣፍጣል፤ ኩላሊትም ይገድላል።

ከሁሉ የሚናቀው ግን ቴርሞስታት ነው። ሰም የያዘች ትንሽ ቫልቭ ናት። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን በር ዘግታ ቶሎ እንዲሞቅ ታደርጋለች፣ 82 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ሰሟ ቀልጦ ሲያብጥ በሩን ትከፍታለች። መኪናው ጋራዥ በገባ በመጀመሪያው ቀን የምትሰናበተው እሷ ናት። ክርክሩም አይበገርም፦ በ13 ወር ፀሐይ አገር ሞተር ማሞቂያ ምን ይሠራል? ኅዳር ላይ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ጋቢውን ተከናንቦ ሞተር የሚያስነሳው ሰው ይህን ሲያስረዳ ከአፉ እንፋሎት ይወጣል።

ቴርሞስታት የወጣለት ሞተር ቀኑን ሙሉ ሙቀቱ ሳይሞላ ይውላል። ነዳጅ ይጠጣል፣ ፒስተንና ሲሊንደሩ ያለ ጊዜያቸው ይፋጫሉ፣ ዘይቱ ውስጥ የገባው እርጥበትም ተንኖ አይወጣም። ይህ እንኳ የተለመደው ዋጋ ነው፤ የሚደንቀው ሌላው ነው። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ቴርሞስታቷ በታች በኩል ሁለተኛ መዝጊያ አላት። ዋናው በር ሲከፈት፣ ውሃው ሞተሩ ውስጥ ብቻ የሚዞርበትን አቋራጭ በዚህ ትዘጋዋለች። እሷ ስትወጣ አቋራጩ ክፍቱን ይቀራል፤ ከፊሉ ፍል ውሃ የራዲያተሩን ደጃፍ ሳይረግጥ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። እንዲቀዘቅዝ ተብሎ የተጎለጎለው መኪና ከተማ ውስጥ ከልክ በላይ ይቀዘቅዛል፣ ዳገት ላይ ይፈላል። አምራቹ በጥገና መጽሐፉ ሞተሩ ቢያስቸግር እንኳ ቴርሞስታቱ እንዳይወጣ የሚያስጠነቅቀው ለዚህ ነው። ማስጠንቀቂያውን ያነበበ ቢገኝም መልሱ ዝግጁ ነው፦ ጃፓኖች የእንጦጦን ዳገት አያውቁትም።

ፋኑም ዳይሬክት ይደረጋል። ሲሞቅ የሚያስነሳው ሴንሰር ከሥራ ይወጣና ከዳሽቦርዱ ሥር አንዲት ማብሪያ ትሰቀላለች። ኃላፊነቱ ከሴንሰር ወደ ሰው ይዛወራል፤ ሰው ደግሞ፣ እንደሚታወቀው፣ አይረሳም።

ቺንጋ ከሌሎቹ ሁሉ የሚለየው ስለሚናገር ነው። ጠዋት ሰፈሩን የሚቀሰቅሰው ፉጨት ቺንጋው ላልቷል፣ አልቆ አብረቅርቋል፣ ወይም የአንዱ ፑሌጃ ኩሽኔታ አልቋል ማለት ነው። በመጽሐፉ መሠረት ሞተር ይጠፋል፣ በሁለት ፑሌጃዎች መካከል ቺንጋው በአውራ ጣት ጠንከር ተደርጎ ይጫናል፣ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ መርገቡ ይታያል፣ ተገልብጦም ስንጥቅ ይፈለግበታል። ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? ደረቅ ሳሙና አለ። ሞተሩ እየዞረ የሳሙናው ጠርዝ ወደ ቺንጋው ጎን ጠጋ ይደረጋል፤ ሳሙናው እያለቀ ሲመጣ ጣትና ፑሌጃ ይቀራረባሉ። ፉጨቱ ወዲያው ጸጥ ይላል። በማግሥቱ ይመለሳል፣ ሳሙናውም ይመለሳል። ሳሙና የተቀባ ቺንጋ ከበፊቱ ይበልጥ ይንሸራተታል፤ ስለዚህ ፖምፓው በቅጡ አይዞርም፣ ዲናሞውም ባትሪ አይሞላም። ነገር ግን ይህ ሁሉ የሚሆነው በጨዋ ደንብ፣ ያለ ጩኸት ነው። ሳሙና የሚንቁት ደግሞ ቺንጋውን በብረት ፈልቅቀው እስኪያቃስት ይወጥሩታል። እነሱ ዘንድ የሚያልቀው ቺንጋው ሳይሆን የፖምፓውና የዲናሞው ኩሽኔታ ነው።

የታይሚንግ ቺንጋ ሳይጮኽ የሚበጠስ ስለሆነ ጥበቡ ሊያመልጠው ይችል ነበር። ደግነቱ በርካታ የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች 100,000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ቺንጋው ይቀየር የሚል መብራት ዳሽቦርድ ላይ ያበራሉ። መብራት ደግሞ አምፖሉ ሲነቀል ይጠፋል። ቺንጋው ሲበጠስ ቫልቮቹ ከፒስተኑ ጋር ይጋጫሉ፤ ያን ጊዜ መብራት ሳያስፈልግ ሁሉም ይታወቃል።

የዚህ ሁሉ ፈተና የሚሰጠው አባይ በረሃ ነው። መንገዱ ከጎሐ ጽዮን ወደ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርድና በደጀን በኩል መልሶ ይወጣል። ጭነቱን እስከ ጣራው የሞላ አይሱዙ ዳገቱን በአንደኛ ማርሽ ሲገፋ የሙቀት ጌጁ ይነሳል፣ ይነሳል፣ ከዚያ በድንገት ይወርዳል። ሹፌሩ «ተመስገን፣ ቀዘቀዘ» ብሎ ይቀጥላል። ሴንሰሩ በትክክል የሚለካው ውሃ ውስጥ ተነክሮ ሳለ ነው፤ ውሃው ሲያልቅ የሚለካው ነገር ስለሚያጣ ጌጁ ሊወርድ ይችላል። ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደተሄደ መኪናው ራሱ ይቆማል። ኮፈኑ ይከፈታል፣ መካሪ ይሰበሰባል፣ ክዳኑ በጃኬት ተጠቅልሎ ይፈታል። ሞተር ጠፍቶ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ መጠበቅ የፈሪ ሰው ምክር ስለሆነ አይሰማም። በግፊት ታፍኖ ከ100 ዲግሪ በላይ የደረሰው ውሃ ክዳኑ ሲለቀቅ ባንዴ ወደ እንፋሎት ተለውጦ ወደ ፊትና ወደ ክንድ ይወጣል። ቃጠሎ ያልደረሰበት ሰው ቀጥሎ የቀዘቀዘ ውሃ በጋለው ሞተር ላይ ይቸልሳል። የአልሙኒየም ቴስታታ የሚጣመመው ወይም የሚሰነጠቀው በዚህች ቅጽበት ነው።

ቀሪው የጋራዥ ሥራ ነው። የዘይቱ ክዳን ሲከፈት ከውስጡ ማኪያቶ ብቅ ይላል፤ ውሃና ዘይት ተገናኝተዋል። ቴስታታው ወርዶ ማሽን ሾፕ ይላጋል፣ ጋርኒሲዮን ከሶማሌ ተራ ይመጣል፣ ጥፋቱም በነዳጁ፣ በበረሃው፣ ካልሆነም በሰው ዓይን ይሳበባል። ተገጣጥሞ ሲያልቅ አዲስ ቴርሞስታት ይገጠም ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ከዚያ መኪናው ለሽያጭ ይቀርባል። ደላላው ገዥውን ቦሌ መንገድ ላይ ወዲያ ወዲህ ያንሸራሽረዋል፤ ቺንጋው አይጮኽም፣ ዳሽቦርዱ ላይ አንድም መብራት አይበራም፣ ጌጁ ከታች ንቅንቅ አይልም። «ይኼ ሞተር» ይላል ደላላው ጌጁን በጣቱ መታ መታ እያደረገ፣ «ሙቀት የሚባል ነገር አያውቅም።» ገዥው በዋጋው ላይ ሳይከራከር ቀብድ ይከፍላል።