የተቋረጠብን አስለቃሽ ይመለስልን

ለኮሚክ ሪሊፍ የበጎ አድራጎት ድርጅት፣ የቀይ አፍንጫ ቀን ዝግጅት ክፍል
ለንደን

ጉዳዩ፦ ዝነኛ እንዲላክልን ስለመጠየቅ

እኔ ናይሮቢ፣ ከንጎንግ መንገድ ገባ ብላ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ በንዴት እየጻፍኩ ነው። በ2020 ኦክቶበር ላይ ከእንግዲህ ዝነኞችን ወደ አፍሪካ እየላክን የልመና ፊልም አናሠራም፣ ፊልሙን የአገሩ ባለሙያ ይሥራው ብላችሁ አስታወቃችሁ። (ዘመኑን በእናንተ አቆጣጠር የጻፍኩት አውቄ ነው። በእኛ ብጽፈው ሰባት ስምንት ዓመት ኋላ ቀርተዋል ብላችሁ ሌላ መዋጮ እንዳትጠሩብን ፈርቼ ነው።) ለመሆኑ ማንን አማከራችሁ? ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ከንፈር ሲመጠጥለት የኖረን ሕዝብ አንድ ቀን ብድግ ብሎ ምጠጣው ቀርቷል ማለት ደግ ነው? የቤት አከራዬ እንኳ፣ ያ ጨካኝ፣ ልቀቅ ሲለኝ የወር ጊዜ ይሰጠኛል።

መብት ስንጠይቅ ደግሞ ባዶ እጃችንን አልመጣንም። ኦክቶበር 23 ቀን 1984 የጋዜጠኛው ማይክል በርክ የኮረም የረሃብ ዘገባ በቢቢሲ ሲታይ ምስሉን ያነሣው ካሜራ የመሐመድ አሚን ነበር፤ ናይሮቢ የተወለደ፣ ቢሮውም ናይሮቢ የነበረ ሰው። በዓመቱ፣ በ1985 የገና ዕለት፣ ሪቻርድ ከርቲስና ሌኒ ሄንሪ የመሠረቱት ድርጅታችሁ ሱዳን ካለ የስደተኞች ሰፈር በቢቢሲ ለሕዝብ ተዋወቀ። እንግዲህ ተመልከቱ፦ ረሃቡ ከኢትዮጵያ፣ ካሜራው ከናይሮቢ፣ ሰፈሩ ከሱዳን። የእናንተ ቀይ አፍንጫው ብቻ ነው። በአክሲዮን ደንብ ከሄድን እኛ መሥራች ባለድርሻዎች ነን፤ ሆኖም በ2015፣ በሠላሳ ዓመት ውስጥ የሰበሰብነው ከ1 ቢሊዮን ፓውንድ አለፈ ብላችሁ ስታበስሩ የጠቅላላ ጉባኤ ጥሪ አልደረሰንም።

አሚን በ1991 አዲስ አበባ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ክንዱን አጥቶ በሰው ሠራሽ ክንድ መቅረጹን ቀጠለ። በኖቬምበር 1996 ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ሲመለስ የተሳፈረበት የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ተጠልፎ ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ ሲወድቅ እሱም ከሞቱት አንዱ ሆነ። እኛ ጋ ግን ዛሬም ስለ ሰባ ሰባቱ ድርቅ ሲወራ ቀድሞ የሚነሣው የዘፋኙ የቦብ ጌልዶፍ ጸጉር ነው።

ጌልዶፍ ለረሃቡ ያዘፈነውንም ዘፈን አልረሳነውም። እናንተ ባትዘፍኑትም ዘመዶቻችሁ ናቸውና ነገሩ አይለያችሁም። ገና መሆኑን ያውቁ ይሆን ወይ ብለው ጠየቁን። አርባ ሦስት ቀን ጾሞ፣ ላሊበላ ቤተ ማርያም ቅጥር ላይ ሲወረብ አድሮ የሚያከብር ሰው ይህን ሲጠየቅ ምን ይበል? እናውቃለን፣ በእናንተ ጃንዋሪ 7 ነው የሚል መልስ ተዘጋጅቶ ነበር። መላኪያ አድራሻ ጠፋ።

ወደ ደጉ ዘመን ልመለስ፣ ወደ 2011። በዚያ ዓመት ሌኒ ሄንሪ፣ ተዋናይቷ ሳማንታ ዎማክ፣ የዜና አንባቢዋ አንጀላ ሪፐንና ሬጂ የትስ እዚሁ ናይሮቢ ያለው የድሆች ሰፈር ኪቤራ ገብተው አንድ ሳምንት ኖሩ። አንድ ሳምንት ሙሉ! ሠላሳ ዓመት የኖሩበት ሞልተዋል፤ ለቴሌቪዥን ግን አይሆኑም፤ ሠላሳ ዓመት የኖረ ሰው አይደነግጥማ። ኪቤራ በእናንተ አገር ሲነገርለት ሚሊዮን ሰው የታጨቀበት ነው፤ የኬንያ መንግሥት በ2009 ሲቆጥር ያገኘው 170,070 ነው። ቀሪው 830 ሺህ የት ደረሰ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ የቀረጻ ባልደረባ ነው ባይ ነኝ።

በነገራችን ላይ ኪቤራ የሚለው ስም ከኑቢያውያኑ ቋንቋ የመጣ ነው፣ ጫካ ማለት ነው። በእንግሊዝ ንጉሥ የአፍሪካ ጦር ውስጥ ያገለገሉ የኑቢያ ወታደሮች የጡረታ ያህል ሆኖ እዚያ እንዲሰፍሩ ተፈቀደላቸው፤ የመሬት ወረቀት ግን አልተሰጣቸውም። ወረቀት የሌለው መሬት ላይ ደህና ቤት የሚሠራ ሞኝ የለም፤ ነገ ይፈርሳልና ሰው ጭቃና ቆርቆሮ አቆመ፣ ያንኑ አከራየ። የልጅ ልጆቻቸው ለ288 ኤከር የጋራ ይዞታ ማረጋገጫ ያገኙት በ2017 ነው፣ መቶ ዓመት ቆይቶ። ለአንድ ሳምንት ኪቤራ ከማደር ለአንድ ከሰዓት በኋላ የእናንተው አገር መዝገብ ቤት ገብቶ የዚያን ወረቀት ነገር መፈለግ ይቻል ነበር፤ ግን መዝገብ ቤት ውስጥ ማን ያለቅሳል?

በዚያው ዓመት ኦሊ መርስ፣ ክሬግ ዴቪድ፣ ሎሬን ኬሊና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ኬንያ የካይሱትን በረሃ 100 ኪሎ ሜትር በእግር አቋረጡ፤ ለዐይን ሕሙማን ገንዘብ ለማሰባሰብ። እግራቸው ውኃ ቋጠረ፣ ሕዝብ አዘነ፣ ገንዘብ ጎረፈ። አደራ የምላችሁ ነገር አለኝ። ከሞያሌ ተነሥተው በዚያው አቅጣጫ፣ ደቡብ አፍሪካ እንደርሳለን ብለው ሌሊት ሌሊት የሚጓዙ የሆሳዕናና የዱራሜ ልጆች አሉ። የእነሱም እግር ውኃ ይቋጥራል። ናይሮቢ ሲደርሱ የሚቀበላቸው ፖሊስ ነው። እነሱንም በኪሎ ሜትር ሒሳብ ብታስቡላቸው ምናለ? ደላላው አስቀድሞ ሒሳብ ይዞባቸዋል።

ቅናት ነው ካላችሁኝ፣ አዎ ቅናት ነው። በ2017 ላይቤሪያ ኤድ ሺራን ደረሳት፤ የኖርዌይ ተማሪዎች የዓመቱ መጥፎ የልመና ፊልም ብለው የሽሙጥ ሽልማት ቢሰጡትም ደረሳት። በ2019 ኡጋንዳ ስቴሲ ዱሊ ሄዳላት ሕፃን ታቅፋ ፎቶ ተነሣች። ዴቪድ ላሚ የሚባሉት የፓርላማ አባል፣ ነጭ አዳኝ መላክ ይብቃ ብለው ጮኹ፤ የዚያ ዓመት የቀይ አፍንጫ ቀን ሌሊት ገቢ 63.5 ሚሊዮን ፓውንድ ሆነ፣ ካለፈው ጊዜ በ8 ሚሊዮን አነሰ። ከዚያ በኋላ በሩ ተዘጋ። ናይሮቢ ዳግመኛ ተራዋን ስትጠብቅ ድንኳኑ ተነቀለ።

እኛ አገር አስለቃሽ የተከበረች ባለሙያ ናት። ለቅሶ ቤት ገብታ የሟቹን ስም፣ የአባቱን ስም፣ ያረሰውን መሬትና የጋለበውን ፈረስ ሳይቀር እየጠራች ታስለቅሳለች። የእናንተዎቹ በዚህ ሙያ ጥቂት ይቀራቸዋል። የሚያለቅሱለትን ሰው ስም ሳይዙ፣ እዝን ሳይሸከሙ፣ ሰውየው ሳይሞት ይመጣሉ። አልፎ አልፎም ሬሳው ቆሞ ያያቸዋል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የውጭ የቀረጻ ቡድን፣ የእናንተ አይደለም፣ ስሙም ይቅር፣ ናይሮቢ ኢስሊ ሰፈር ወደሚኖሩ አንዲት ኢትዮጵያዊት ስደተኛ እናት ቤት በአስተርጓሚነት ወሰደኝ። እንግዳ ይመጣል የተባሉት እናት ሲሰናዱ አድረዋል። ኢስሊ ውስጥ ቄጠማ ከየት እንዳገኙ እግዜር ይወቅ፣ ወለሉን ጎዝጉዘውታል። ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ለብሰዋል። ረከቦቱ ላይ ስድስት ሲኒ፣ አንዱ ጆሮው የተሰበረ፤ ፈንድሻው በትሪ ተቆልሎ፤ ዕጣኑ ይንቦለቦላል። አዘጋጁ በሩ ላይ ቆሞ ይህን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ።

ሌላ ልብስ እንደሌላቸው ጠይቅልኝ አለ። እኔም፣ እማማ፣ የዘወትር ልብስዎን ቢለብሱ ይላል አልኳቸው።

«ምነው ልጄ፣» አሉኝ፣ «እነዚህ ሰዎች የመጡት ለለቅሶ ነው እንዴ?»

ለወጡ። ፈንድሻው ተነሣ፤ ፈንድሻ ያቀረበ ሰው ተርቤያለሁ ቢል ማን ያምነዋል? ዕጣኑ ይቆይ ተባለ፣ በካሜራ ሲታይ የማገዶ ጭስ ይመስላልና። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ቴሌቪዥን ማውረድ ስላስቸገረ የእናትየው ነጠላ ተጣለበት። ከዚያ ወደ መሬት እንዲያዩ ንገራቸው አለኝ። ወደ መሬት ሲያዩ ካሜራው አብሮ ወረደና ቄጠማው ታየ፤ ቄጠማውም ተጠረገ። አርባ ደቂቃ ያህል ሠርተን ሳበቃ እናትየው ቀሚሳቸውን መልሰው ለብሰው ቡና መቅዳት ጀመሩ። እንግዶቹ ቸኩለው ነበር፣ ከአቦል አላለፉም። ቶናውን እኔ ጠጣሁ። በረካው ሲደርስ መኪናው ታች ክላክሱን ይነፋ ነበር።

ስለዚህ ዝነኛ ይላክልን ስንል ያለ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። አንደኛ፣ በረካ ሳይጠጣ አይወጣም። ሁለተኛ፣ ለቅሶ ደራሽ ነውና እዝን ይዞ ይምጣ፣ ድፎም ይሁን ንፍሮ አንመርጥም። ሌላው ደግሞ ውድድር እንዳለባችሁ ልታውቁ ይገባል። እነ ሌኒ ኪቤራ ባደሩበት በዚያው 2011 ሰሜኑ ሲደርቅ ኬንያውያን፣ «ኬንያውያን ለኬንያ» ብለው በኤምፔሳ ገንዘብ መሰብሰብ ጀመሩ። አሥር ሽልንግ ያለው አሥሩን ላከ። ያቀዱት 500 ሚሊዮን ነበር፣ አለፈ። የእኛም የናይሮቢ እድር ሰው ሲታመም ወይም ሬሳ ወደ አገር ቤት ሲላክ እንዲሁ በስልክ ያዋጣል፤ ገንዘብ ያዡ ማታ ማታ ስም ከነብሩ ይለጥፋል፣ ያልከፈለ ሰው ስሙን ፈልጎ ሲያጣ በማግስቱ ይከፍላል። አፍንጫ አይታደልም፤ ያው ሐፍረቱ ነው የሚሠራው።

ልውውጡም በሁለት ወገን እንዲሆን እንጠይቃለን። እናንተ አንድ ዝነኛ ስትልኩ እኛ ደግሞ አንዲት የታወቀች የወሎ አስለቃሽ ወደ ለንደን ልከን፣ በጃንዋሪ ብርድ የማሞቂያ ሒሳብ ላቃታቸው ጡረተኞች አንድ ሳምንት አብራ ታለቅሳለች፣ ስማቸውን በደንብ አጥንታ። አንድ እንቅፋት ብቻ አለ። የእናንተ ሰው ናይሮቢ ለመግባት ፓስፖርት፣ ትኬትና በኢንተርኔት የሚሞላ የጉዞ ፈቃድ ይበቃዋል፤ የእኛ አስለቃሽ የስድስት ወር የባንክ መግለጫ፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤና ተመልሳ የምትመጣበትን ምክንያት ማስረጃ እንድታቀርብ ትጠየቃለች። ይህን በእናንተ በኩል እንድታስጨርሱልን በትሕትና እናሳስባለን።

ከሰላምታ ጋር
አንድ መሥራች ባለድርሻ
ናይሮቢ

ግልባጭ፦
ለናይሮቢ እድራችን ገንዘብ ያዥ (የዚህ ወር መዋጮዬ ነገ ይገባል)
ለኢስሊዋ እናት (ነጠላውን ከቴሌቪዥኑ ላይ ማንሣት ይችላሉ)