የጎረቤት አቮካዶ

አቮካዶ ዛፉ ላይ እያለ አይለሰልስም፤ የሚበስለው ከወረደ በኋላ ነው። ስለዚህ ከአጥር ማዶ ተንጠልጥሎ በእኩለ ሌሊት የጎረቤቷን የእትዬን ቆርቆሮ ሲመታ ከድንጋይ አይተናነስም። ባለዛፉ ግን እንቅልፋቸው ሰላም ነው። ቅጠሉ አሸንዳውን ደፍኖ የክረምቱ ውሃ በእትዬ ግድግዳ ሲወርድም፣ «እግዜር የሰጠውን በረከት እንዴት እንቆርጣለን፣ እትዬ?» ይላሉ። ፍሬው ሲደርስ ዘንቢል ይዘው የእትዬን በር የሚያንኳኩትም እሳቸው ናቸው።

እንግሊዞች በዚህ ነገር እስከ ጌቶች ምክር ቤት ድረስ ተካሰዋል። በ1894 እ.ኤ.አ. በሌመንና ዌብ ክርክር፣ ወደ ግቢው የገባበትን ቅርንጫፍ ጎረቤት ለባለዛፉ ሳያስታውቅ መቁረጥ እንደሚችል ተወሰነ።

መጋዝ ፍለጋ የሮጠ ይመለስ። በ1919 እ.ኤ.አ. ሚልስና ብሩከር ሲካሰሱ፣ ከአጥሩ ወዲህ ከዘመመው ቅርንጫፍ ፖም ወስዶ የሸጠው ጎረቤት ተፈረደበት። መቁረጥ ትችላለህ፤ የቆረጥከው ግን የባለዛፉ ነው። መሰላል መውጣቱ፣ ላቡ፣ የተቀደደው ሱሪ ያንተ፤ ፖሙ የእሳቸው።

ጀርመኖች ይሻላሉ። ከ1900 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚሠራው የፍትሐ ብሔር ሕጋቸው አንቀጽ 911 መሠረት፣ ወደ ጎረቤት መሬት የወደቀ ፍሬ የዚያ መሬት ፍሬ ይባላል። ቅርንጫፉን ነቅንቆ ማውረድ ግን ክልክል ነው፤ እጅን አጣጥፎ ነፋስ መጠበቅ ነው። የወደቀው ለሕዝብ አገልግሎት በዋለ መሬት ላይ ከሆነ ደግሞ ደንቡ አይሠራም።

የአዲስ አበባ የሰፈር ልጆች ይህን የመጨረሻውን አላነበቡትም። የሚወረውሩትን ድንጋይም ሆነ የወደቀውን አቮካዶ መንገዱ ላይ ከማንም ቀድመው የሚያነሱት እነሱ ናቸው።