አለፋችሁ አሉን፣ ቀጥሉ አሉን

የኔትወርክ ፈተና አልፈን ላስታ የተቀመጥን ሰዎች ብዙ አይደለንም፤ ጭቅጭቃችን ግን ብዙ ነው። «እንኳን ደስ አላችሁ» ተብሎ ሳያበቃ «ቀጥሎስ ምን ልትወስዱ ነው?» ይከተላል። ቆይ፣ ትንፋሽ እንሰብስብ!

ያለፍነው ፈተና ሲሲኤንኤ 300 ዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ምንዛሬው በገበያ ይወሰን ሲባል ከ57 ብር ገደማ የተነሳው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከመቶ አለፈ። የፈተናው ሰዓት ያው 120 ደቂቃ፣ ዋጋው ግን በእኛ ብር ሌላ። ብሩም ቢገኝ በብር ካርድ አይከፈልም፤ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ይለመናል። ዘመድም ከመክፈሉ በፊት «ሥራ ያስገኛል?» ብሎ ይፈትነናል።

ጥናቱስ? ሰብኔት ስናሰላ መብራት ይጠፋል። መብራት ሲመጣ ኔትወርክ ይጠፋል። ሁለቱም ሲመጡ እንግዳ ይመጣል። ለገና ላሊበላ በምእመን ስትሞላ ደግሞ ስልክ ደውሎ ማግኘትም ስለት ይጠይቃል። በ2013 መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት እኛ ጋ ሲደርስ ለወራት ያለ መብራትና ያለ ስልክ ከረምን፤ ነሐሴ 2015 ላይ ደግሞ በአማራ ክልል ኢንተርኔት ተዘጋ። ሰርተፍኬቱ ግን ዕድሜው ሦስት ዓመት ነው። ላስታ ጨለመች ብሎ ቀን አይጨምርም።

ከቤት ሆኖ መፈተንም አለ፤ ደንቡን እዚህ ያነበበ ሁሉ ይስቃል። በሩ ይዘጋ፣ ጠረጴዛው ባዶ ይሁን፣ ድምፅ አውጥታችሁ አታንብቡ፣ ማንም አይግባ። ማንም አይግባ! እትዬ ከጎረቤት «ቡና ደርሷል» ብለው መጥተው በሩ ተዘግቶ ቢያገኙት ዝም ብለው ሊመለሱ? ታሞ ነው ብለው ጸበል ይዘው ይመጣሉ። ኢንተርኔቱ ባይቋረጥ ፈተናው በጸበል ይቋረጣል። ስለዚህ አዲስ አበባ እንወርዳለን፤ መንገዱ ከተከፈተ።

አልፈን ስንመለስ ደግሞ «አንተ ኔትወርክ ተምረህ የለም እንዴ? እስቲ ይሄን ኔትወርክ መልሰው!» እንባላለን፤ ማማውን እኛ የነቀልነው ይመስል። ሆቴል በጥድፊያ ያስጠራናል፤ ስንደርስ የዋይፋዩ ይለፍ ቃል ተረስቶ ነው። ኦኤስፒኤፍ ያጠናነው ለዚህ ነበር?

አሁን ወደ ምርጫው። ቀጣዩን ደረጃ ሲሲኤንፒን እንዳንል ዋናው ፈተና 400 ዶላር፣ የምርጫው 300፤ ሁለቱንም ካላለፉ የለም። ሴኩሪቲ እንዳንል፣ የምንጠብቀው ኔትወርክ መጀመሪያ ይምጣ። ክላውድ እንዳንል፣ ደመና በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ሞልቷል፤ የኛ ችግር እዚያ መድረሱ ነው። የሰርተፍኬቱ ስምም አይጸናም፦ በ2012 የካቲት ሴኩሪቲውም ዋየርለሱም በአንድ ሲሲኤንኤ ተጠቀለሉ፤ በ2018 ጥር ደግሞ ዴቭኔት የነበረው ሲሲኤንኤ አውቶሜሽን ተባለ። ቀጣሪው እንደሆነ ዛሬም የሚጠይቀው «የስንት ዓመት ልምድ አለህ?» ነው።

ለጊዜው አንድ ልጅ የፓይተን መጽሐፍ በፍላሽ አምጥቶልን ተቀባብለነዋል። ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ዶላር አይፈልግም። ባትሪው እስኪያልቅ እናነባለን።