ቬንትሌተሩ ለእንግዳ ነው

ድሬዳዋ ውስጥ በግንቦትና በሰኔ ኪችን የሠራ ሰው ስለ ሙቀት ሲወራ ዝም ነው የሚለው። ውጭው ራሱ 35 ዲግሪ አልፎ፣ እኛ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ጥብስ እናገላብጣለን። መስኮቱ "ጭሱ እንግዳ ላይ ይሄዳል" ተብሎ ተዘግቷል። የጭስ መሳቢያው ከተበላሸ ቆየ፤ ስንጠይቅ "ሰው ተጠርቷል" እንባላለን። የተጠራው ሰውዬ እስካሁን መንገድ ላይ ነው።

ቬንትሌተር ጠፍቶ እንዳይመስላችሁ። ሳሎን ሞልቷል፤ ካሸሯ እንኳ ለብቻዋ አንድ አላት። አልቀናባትም (እሺ፣ እቀናለሁ)። ባለቤቱ ወጥ ሊቀምስ ብቅ ይልና "ኡፍ! እንዴት ነው የምትችሉት?" ብሎ መልሳችንን ሳይሰማ ይወጣል።

ዩኒፎርሙንም እሱ ነው የመረጠው፤ ጥቁር ፖሊስተር፣ ቆሻሻ አያሳይም ተብሎ። ላብ አይመጥ፣ አየር አያስገባ። ሰዉ ቤቱ ሲገባ ሽርጥ በሚያገለድምበት ከተማ ይህን ማን እንዳማከረው እንጃ። እኛ ከሥሩ የጥጥ ካናቴራ እንለብሳለን፣ አንገታችን ላይ እርጥብ ፎጣ ጣል እናደርጋለን፣ በየመሀሉ ክንዳችንን እስከ ክርናችን ቧንቧ ሥር እንይዛለን። ላብ ጨውም ይዞ ስለሚወጣ ውሃችን ላይ ሎሚ፣ ስኳርና ቁንጥር ጨው እናደርጋለን። ቁሌቱን ጎህ ሳይቀድ ብንጨርሰው ደግሞ ቀትር ላይ አንድ ምድጃ ይጠፋልን ነበር፤ ያንን ስናነሳ "የሌሊቱን ማን ይከፍላል?" ተባልን። ፎጣውም ቢሆን "እንግዳ ያያችኋል" አስብሏል። የውሃ ጠርሙሳችን ከፍሪጅ ይወጣል፤ ፍሪጁ የቢራ ነው።

በዚህ ላይ እርስ በርሳችን አንስማማም። አስተናጋጁ በምግብ ማውጫዋ መስኮት አንገቱን አስግጎ "አቦ፣ ጥብሱ አልወጣም?" ይላል። እሱም አልተመቸውም፤ ቢራው አልቀዘቀዘም ተብሎ የሚሰደበው እሱ ነው። ግን ቲፑም የእሱ ነው፣ ኪችን አይደርስም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011፣ መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም ይላል። እኛ ጠዋት 1 ሰዓት ገብተን ማታ 3 ሰዓት እንወጣለን። ትርፍ ሰዓት ስናነሳ "እዚህ ቤት እኮ ቤተሰብ ነን" እንባላለን። ሳህን ሲሰበር ግን ከደመወዝ ይቆረጣል፤ ያኔ ቤተሰብነቱ የት እንደሚገባ አላውቅም።

ማታ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ የሚይዘው ሳሎኑንና ፍሪጁን ብቻ ነው። እኛ በሞባይል መብራት ሽንኩርት እንከትፋለን። ላባችን ዓይናችን ውስጥ እየገባ የሠራነው ጥብስ ደግሞ ግማሹ ተበልቶ ይመለሳል፤ "ጨው በዝቶበታል" ተብሎ።