ዳገት ፈላጊዎቹ ሊመጡ ነው

ሼፊልድ፣ እንግሊዝ
ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ ለጋሼ፤ ሰቆጣ።

እኔ ከናፍቆትዎና ከጉልበቴ ሕመም በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። የናፍቆቱን ምክንያት ያውቁታል። የጉልበቱን በስልክ ብነግርዎ ሳቅዎ አያስጨርሰኝም ብዬ ነው ወረቀት ያነሣሁት።

እዚህ አገር ሰው እሑድ እሑድ ብስክሌት ይጋልባል። ወደ ገበያ አይደለም፤ ወደ ወፍጮ ቤትም፣ ወደ ለቅሶም አይደለም። ጠዋት ከደጁ ይነሣል፣ ዳገት ለዳገት ሲንገላታ ይውላል፣ ማታ እዚያው ከተነሣበት ደጅ ይወርዳል። ዙር ነው የሚሉት። መጀመሪያ ሰሞን የሥራ ጓደኞቼን «ታዲያ ምን ልታመጡ ሄዳችሁ?» ብላቸው እርስ በርስ ተያዩ። በእኛ አገር ዳገት የሚወጣ ሰው ጉዳይ አለው፤ ጉዳይ የሌለው ቁጭ ይላል። የእነዚህ ጉዳያቸው ራሱ ዳገቱ ነው። ሜዳ መንገድ ተዘርግቶላቸው ሳለ ጋራ ያለበትን በካርታ ላይ መርጠው ያሰምራሉ። ሜዳውን የመረጠ እንዲያውም ይታማል።

የዮርክሻየር ኩራት በተርተብስ የሚሉት አቀበት ነው። በ2006 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ቱር ደ ፍራንስ ከዚሁ ከዮርክሻየር ሲነሣ እሽቅድምድሙ በዚያ አለፈ፤ ሕዝቡም አሮጌ ብስክሌት ቢጫ እየቀባ በየአጥሩ ሰቀለ። የጫፉ ከፍታ 526 ሜትር ነው። ጋሼ፣ 526! የተከዜ ግድብ ውኃ የተኛበት ቦታ እንኳ ከባሕር ወለል ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። የአበርገሌን ቆላ ወርደው ተከዜ ዳር ሲደርሱ የእነሱ ተራራ አናት ገና ከእግርዎ በታች ነው።

ጣጣውን ያመጣው ይህንኑ ምሳ ላይ መናገሬ ነው። ሰቆጣ 2,200 ሜትር ላይ ተቀምጣለች፣ ላስታ ላይ ያለው አቡነ ዮሴፍ ደግሞ ከ4,200 ያልፋል ብል ማንኪያው ሁሉ ቆመ። አንደኛው «ካርታ አለህ?» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዋግና የላስታ ዙር ጉዞ አሰናጅ ሆኛለሁ። ደመወዝ የለውም።

ያሰመርኩት መስመር ይህ ነው። ከሰቆጣ ተነሥቶ ኮረም፤ ከኮረም በግራካሱ ቁልቁል አላማጣ፤ በቆቦ ሜዳ ወልድያ፤ ከወልድያ በቻይና መንገድ ሽቅብ ጋሸና፤ ከዚያ ላሊበላ፤ ከላሊበላ በብልባላ በኩል ሰቆጣ። ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በኮምፒዩተር ካርታ ላይ ብሥለው ዳገቱን በቀይ ቀለም የሚያሳየው ፕሮግራም ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀላ፤ አረንጓዴ የቀረው የቆቦ ሜዳ ብቻ ነው። እነሱ ያንን ሲያዩ አዘኑ። «ይህችን ሜዳ መዝለል አይቻልም?» አሉኝ። በራያ ፀሐይ ማሽላ ለማሽላ ሲነዱ የሜዳውን ዋጋ ያውቁታል።

አሁን ወደ እርስዎ ጉዳይ ልምጣ። ዙሩ በየት ይጀመር፣ በቀኝ ወይስ በግራ? እዚህ ስለዚህ ነገር ማታ ሙሉ ይከራከራሉ። እንዳልኩት ከዞሩ ግራካሱን ይወርዱታል፤ በግልባጩ ከሆነ ከአላማጣ ሙቀት ተነሥተው ያን ጠመዝማዛ ይወጡታል። ጣሊያን በአምስቱ ዓመት ያወጣው መንገድ ነው ብላቸው «ጣሊያኖች ለብስክሌት ጥሩ መንገድ ይሠራሉ» አሉኝ፤ ምን ልበል! እኔ መውረዱን የመረጥኩ ይመስለኝና ደግሞ የእርስዎ ቃል ትዝ ይለኛል። አይሱዙውን ሲያሽከረክሩ «ግራካሱን በማርሽ እንጂ በፍሬን የሚወርድ የእናቱ ልጅ አይደለም» ይሉን አልነበር? ብስክሌት ግን በማርሽ አይያዝም፤ ፍሬን ብቻ ነው ያለው። ቁልቁለቱን ሙሉ ጨብጠው ከወረዱ ይግላል፣ ሸራውም ያልቃል። ስለዚህ የትኛው ጥምዝ ላይ ቆም ብሎ ማብረድ እንደሚቻል ምልክት ያድርጉልኝ። ሻይ ቤት ያለበት ቢሆን ደግ ነው።

ከወልድያ በላይ ያለው ሌላ ፈተና ነው። ጋሸና ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል፤ በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በ526 ሜትር የተፎከረበት ሳንባ እዚያ ሲደርስ ምን እንደሚል ለማየት ስል ብቻ አብሬ እሄዳለሁ። ከዚያ ወደ ተከዜ ሸለቆ ወርዶ እንደገና ወደ ላሊበላ መውጣት አለ። እነሱ ይህንን ውበት ይሉታል።

የስንቁ ነገር አያሳስብዎ። እዚህ ብስክሌተኛ የሚበላው በኪስ የምትያዝ ላስቲክ ውስጥ የታሸገ ማርማላታ መሳይ ነገር ነው፤ ጥርስ የሌለው ሰው ምግብ። እኔ በሶ በዋግ ማር ለውሼ አቀርብላቸዋለሁ። ረቡዕና ዓርብ ካልሆነ የአበርገሌ ፍየልም ይታረዳል። ጾሙን ግን ከአሁኑ እየነገርኳቸው ነው።

ፈቃዳቸውን በነሐሴ ነው የሚያገኙት። ነሐሴ 16 ሻደይ ሲገባ ሰቆጣን ማየቱ ባልከፋ፤ ግን የነሐሴን ጭቃ በዚያ በቀጭን ጎማ ያስቡት! «ጥቅምት ላይ ነው የሚመጣ» ብያቸው ተስማሙ። የትኛው ጥቅምት እንደሆነ አልነገርኳቸውም። አገሩ ረግቶ እርስዎ «ና» ሳይሉኝ የማንንም ሕይወት ይዤ አልነሣም፤ ካርታ ግን መሣል አይከለከልም።

አክብሮቱስ አላቸው። የትግራዩ ልጅ ጽጋቡ ገብረማርያም በ2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ መሆኑን ከእኔ ይልቅ እነሱ ያውቃሉ። ኤርትራዊው ብንያም ግርማይ በ2016 ሦስት ጊዜ አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ከወሰደ ወዲህ ደግሞ ከእኛ አካባቢ የመጣ ሁሉ ከብስክሌት ጋር የተወለደ ይመስላቸዋል። የጉልበቴ ሕመም ምንጭ ይኸው ነው።

የዋግ ሰው ግን ዙር አይቀናውም። ዋግሹም ጎበዜ፣ አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነግሠው፣ በ1863 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ ሲዘምቱ አካሄዳቸው አምሮ ነበር፤ መመለሱ ነው ያልሆነላቸው። ይህንን ለእንግዶቹ አልነገርኳቸውም።

የሚያስፈራኝ አንድ ነገር የልጆቹ ድንጋይ ነው። በብስክሌት ኢትዮጵያን ያቋረጡ ፈረንጆች ሲጽፉ ለተራራው አንድ መስመር፣ ድንጋይ ለሚወረውሩ እረኞች ገጽ ሙሉ ይሰጣሉ። ልጆቹንም አልፈርድባቸውም፤ ያለ ጉዳይ ዳገት የሚወጣ ሰው ሲያዩ ምን ያስቡ? ስለዚህ እነዚህ ሰዎች ውቅር መስቀለ ክርስቶስን ሊሳለሙ የሚሄዱ ናቸው ብለው ያስወሩልኝ። ከሰቆጣ ብዙ ስለማይርቅ በእርግጥም እወስዳቸዋለሁ፤ ውሸት አይሆንም።

እንግዲህ የምለምንዎ ይህ ነው፦ ከኮረም ሰቆጣና ከላሊበላ ሰቆጣ ባሉት መንገዶች አስፋልቱ የት ላይ እንደሚያልቅ፣ ውኃ የሚገኝበትን፣ ጎሚስታ ያለበትን፣ ያለ ቁንጫ የሚታደርበትን በወረቀት ጽፈው ይላኩልኝ። መልስዎን እስከ ገና እጠብቃለሁ፤ እርስዎ ያላረሙትን ካርታ ለማንም አልሰጥም።

አክባሪዎ የእኅትዎ ልጅ