ማማሰያ ለወሰዱ ወንድሞቻችን

ይድረስ ለተከበራችሁ የዌልስ ራግቢ ደጋፊዎች። እኛ ከዋንጫ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነን።

የተዋወቅነው በአጋጣሚ ነው። መጋቢት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ እንደልማዴ ሰፈራችን ካለው ዲኤስቲቪ ቤት ገብቼ ሻይ አዝዣለሁ። የቤቱ ልጅ ሪሞቱን ሲነካካ እናንተ ላይ ጣለን። ቤቱ ውስጥ የራግቢን ሕግ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። ኳሱ ሞላላ መሆኑን አይቶ "አየር ጎድሎታል፣ ለምን አይነፉትም?" ያለ ሰው ሁሉ ነበር። እንግሊዝ 68፣ ዌልስ 14 የሚለው ግን አስተርጓሚ አላስፈለገውም። ከኋላዬ የተቀመጡት የሰፈራችን ጋሼ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው፣ "እነዚህ ቀያዮቹ የማን ልጆች ናቸው?" አሉኝ። ነገርኳቸው። "አሰልጣኛቸውስ?" አሉ። ስልኬን ከፍቼ አየሁና ባለፈው ወር መልቀቁን አረዳኋቸው። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። "በቃ፣ የኛው ናቸው" አሉ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም ከዚያ ዝምድና የተነሳ ነው። (ዓመተ ምሕረት ካላልኩ በቀር ዓመቱን በእናንተ አቆጣጠር አድርጌዋለሁ። በኛ ሰባት ስምንት ዓመት ይቀንሳል፤ ትኩስ ሽንፈትን ያረጀ ለማስመሰል እጅግ ምቹ ነው።)

መቼም ሳልታዘባችሁ አላለፍኩም። ከጥቅምት 2023 የማርሴይ ሽንፈት እስከ ሐምሌ 2025 የኮቤ ድል ድረስ 18 ይፋዊ ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፋችሁ ተብሎ አገር ይያዝ? እውነት ለዚህ ነው ያ ሁሉ እንባ? በ2008፣ በ2012 እና በ2019 በስድስቱ አገሮች ውድድር ተቀናቃኞቹን ሁሉ ያለ ሽንፈት ያንበረከከላችሁ ዋረን ጋትላንድ በየካቲት 2025 ሮም ላይ በጣልያን 22 ለ 15 በተሸነፈ በሦስተኛው ቀን ቦታውን ለቀቀ። ለቀቀ! ቃሉን ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። አሰልጣኝ እንዲህ በገዛ እግሩ ከሄደ ደጋፊ ምን ሥራ ይቀረዋል? እኛ ጋ "ይባረር" ማለት ከቡና ቀጥሎ አገር የሚያሰባስብ ጉዳይ ነው። መሃንዲሱ፣ ታክሲ ረዳቱ፣ ጥርስ ሐኪሙ፣ ሁሉም አሰላለፍ ያውቃል። አዲሱ አሰልጣኝ ሲመጣ እናሞግሰዋለን፣ ሁለተኛ ጨዋታው ላይ ጉልበቱን እንፈትሻለን፣ አምስተኛው ላይ ምሳራችንን ይዘን እንወጣለን። ዛፉ ሲወድቅ ሥሩን ጎንበስ ብሎ ያየ የለም፤ ቀጣዩን ዛፍ እንተክላለን።

ወደ ምክሩ ልግባ። መጀመሪያ ታሪክ ይኑራችሁ፤ ግን ሩቅ ይሁን። የእናንተ ጥፋት ይሄ ነው፤ አንድም ጨዋታ ሳትሸነፉ የወሰዳችሁት የመጨረሻው ዋንጫ የ2019 ነው። በዚያው ዓመት ነሐሴ የዓለም ቁጥር አንድ ተብላችኋል። ይህ አደገኛ ነው። ድሉን በዓይኑ ያየ ሰው ገና ጠጉሩ አልሸበተም፤ ያነጻጽራል፣ "ምን ነካን?" ይላል። ድል ቢያንስ ግማሽ ምዕተ ዓመት ካልተኛ አይበስልም። ስለ ጋሬዝ ኤድዋርድስና ስለ ባሪ ጆን፣ ስለ 1971 ዘመን ብቻ ብታወሩ ኖሮ ዛሬ እንቅልፋችሁ ጤነኛ በሆነ ነበር።

እኛን እዩን። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ከጥምቀት ማግሥት ማግሥት፣ አዲስ አበባ ላይ በተጨማሪ ሰዓት ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ወሰድን። ሉቻኖ ቫሳሎ ከጃንሆይ እጅ ዋንጫውን ተቀበለ። መንግሥቱ ወርቁ በፍጻሜው አንድ አገባ። ውድድሩ የአራት አገር እንደነበርና ለዋንጫው ሁለት ጨዋታ ማሸነፍ እንደበቃን ማንሳት ግን ባንዳነት ነው። ያንን ዋንጫ ይኸው ከስልሳ ዓመት በላይ እየበላነው ነው፤ አላለቀም። ጋሼ አጥር ዘለው ገብተው እንዳዩት በየሽንፈቱ ይተርካሉ። አንድ ቀን የዲኤስቲቪ ቤቱ ልጅ በካልኩሌተር ሲያሰላው የዚያን ዕለት አራት ዓመታቸው ነበር። "ቀልጣፋ ነበርኩ" አሉ።

በምሥጢር ደግሞ አንድ ልጨምርላችሁ። በ1957 የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ካርቱም ላይ ሲደረግ ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ምክንያት ስለታገደች እኛ አንዲት ኳስ ሳንመታ ለፍጻሜ አለፍን። ፍጻሜው ላይ ግብጽ 4 ለ 0 አሸነፈችን፤ አራቱንም ያገባው አንድ ሰው ነው። በ1959 ደግሞ ሦስት አገር ተወዳድሮ ሦስተኛ ወጣን። መዝገቡ "ሁለተኛ" እና "ሦስተኛ" ይላል። መዝገብ ዝርዝር አይጠየቅም።

ሁለተኛ፣ ያ ስታዲየማችሁ ነው የጎዳችሁ። ካርዲፍ መሃል ከተማ፣ ወንዝ ዳር፣ ወደ 74,000 ሰው የሚይዝ፣ ጣሪያው ሲፈለግ የሚዘጋ! ጣሪያ የሚዘጋ ሕዝብ ሲሸነፍ ምን ሊል ነው? ዝናብ አልመታን፣ ጭቃ አልያዘን፣ ፀሐይ በዓይናችን አልገባ። በገዛ እጃችሁ ምክንያታችሁን በጣሪያ ከደናችሁት። እኛ ብልሆቹ በ2021 ካፍ "ለዓለም አቀፍ ጨዋታ አይመጥንም" ካለን ጀምሮ በየሰው አገር ሜዳ ስንለምን ከርመናል። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. "በሜዳችን" ግብጽን 2 ለ 0 ስናሸንፍ ሜዳችን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነበር። ስናሸንፍ በሰው አገር አሸነፍን፣ ስንሸነፍም የተሸነፍነው ሜዳ ስለሌለን ነው። ከዚህ የተሻለ አጥቂ የትኛው ቡድን አለው?

ሦስተኛ፣ ሂሳብ። በስድስቱ አገሮች ውድድር አምስት ጨዋታ ተጫውታችሁ አምስቱንም ስትሸነፉ ነገሩ አለቀ፤ የሚሰላ ነገር አልተዋችሁም። እኛ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ብዕርና ናፕኪን ይዘን ነው የምናየው፤ እገሌ ከእገሌ አቻ ቢወጣ፣ እኛም በሦስት ንጹሕ ግብ ብናሸንፍ... ማትሪክ ላይ ይህንን ያህል ብናሰላ ኖሮ! በሰኔ 2013 ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1 ረታን፤ የማሸነፊያዋን ግብ ያስቆጠረልን የራሳቸው ተጫዋች ነው። ለመጨረሻው ዙር የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ አለፍን ብለን መንገድ ሞላን፣ መኪናው ጥሩንባውን ነፋ። ደስታው ሳይበርድ ፊፋ ከሳምንት በፊት ቦትስዋና ላይ በካርድ የታገደ ተጫዋች አሰልፋችኋል ብሎ መጣ። ሦስቱ ነጥብ ተነሳ። ሁለት ቢጫ ካርድ፣ አንድ ሲደመር አንድ፣ የሚቆጥር ሰው ጠፍቶ ነው። ያን ሁሉ ናፕኪን የፈጀን ሕዝብ እኮ ነን! ከዚያም በኋላ ማለፉን አለፍን፤ ናይጄሪያ በደርሶ መልስ አሸነፈችን። ስለ ዳኛው ዛሬም ድረስ እንጨቃጨቃለን፤ ካርድ መዝጋቢው ግን ስሙ ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም።

ስለ "በክብር መሸነፍ" ረጅም መጻፍ አልፈልግም፤ ይህ ሙያ በደብዳቤ አይተላለፍም። በ2013 ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሰን ከዛምቢያ አቻ ሆነን፣ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፈን ስንወጣ "ልምድ ቀስመናል" ብለን ነበር። ልምዱ እስካሁን አልጎደለብንም፤ እንዲያውም ለእናንተ የምልከው ከትርፉ ነው።

በጣም የቀየምኳችሁ ግን በአንድ ነገር ነው። ጥያቄ ታበዛላችሁ። አሰልጣኙ ከሄደ በኋላ ዝም ማለት ሲገባችሁ ወደ ታች ማየት ጀመራችሁ፤ የክለቦቹ ገንዘብ ወዴት ሄደ፣ ተጫዋቾቹ በ2023 በውል ጉዳይ ለምን አድማ ሊመቱ ደረሱ፣ አራቱ ክለቦች ሦስት ይሁኑ ወይስ አይሁኑ፣ ልጆቹ ለምን ወደ እንግሊዝ ይኮበልላሉ። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ አንገት ያሳምማል። ከኛ ዲኤስቲቪ ቤት ጀርባ አንድ ሜዳ ነበር፤ አሁን አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየም ቆሞበታል። ልጆቹ በቆሙ መኪኖች መሃል ነው የሚጫወቱት፤ አንዱ የካልሲ ኳሷን አክርሮ ሲመታ ወደ ቤቱ ትገባለች፣ አርሰናል እየተጫወተ ነውና ሁላችንም በአንድ ድምፅ እንጮህበታለን። አንድ ጊዜ ኳሷን ለመውሰድ የገባው ልጅ በር ላይ ቆሞ ሁለት ደቂቃ ቴሌቪዥኑን አየ። አስተናጋጁ "ሻይ ካላዘዝክ ውጣ" አለው። ወጣ። ከዚያ ፊታችንን ወደ ስክሪኑ መልሰን ዋልያዎቹ ለምን አጥቂ እንደሌላቸው መወያየታችንን ቀጠልን።

ስለ ሽልማታችሁም እንኳን ደስ አላችሁ ሳልል አልቀርም። በስድስቱ አገሮች መጨረሻ ለሚወጣ በስም የሚሰጠውን የእንጨት ማንኪያ በ2024 ወሰዳችሁ፤ ከ2003 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። በ2025 ደገማችሁት። ጋሼ ይህን ስነግራቸው ቀኑባችሁ። "ለመጨረሻ ደረጃ ዕቃ ይሰጣል?" አሉ። በእጅ የሚያዝ አይደለም፣ ወሬ ነው ብላቸው አልሰሙኝም። የእንጨት ማንኪያ ማለት እኛ ቤት ማማሰያ ነው፤ ሽሮ ይመታበታል፣ ሲፈለግም ልጅ ይቀጣበታል። እኛ ስንት ምድብ ላይ ግርጌ ተቀምጠን አንዲት ጭልፋ የሰጠን የለም።

ደብዳቤውን ሳልልከው ኅዳር ገባ። ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ካርዲፍ መጣች። ልጁን ለምነን ቻናሉን አስቀየርነው፤ ዘመድ ነውና። ጣሪያችሁ ሥር 73 ለ 0 ተሸነፋችሁ። ቀኑ ከተለመደው የብሔራዊ ቡድን ጊዜ ውጪ ስለነበር በእንግሊዝና በፈረንሳይ የሚጫወቱት ልጆቻችሁ አልተለቀቁም ነበር፤ ይህች ጥሩ ምክንያት ናት፣ ጠብቋት። ቤቱ ውስጥ ማንም አልተናገረም። ጋሼ ባርኔጣቸውን አንስተው ሊወጡ ሲሉ ስክሪኑን ለአፍታ አዩና፣ እኔ ሃምሳ ጊዜ የሰማሁትን ያንን ድምፅ አውጥተው፣ "በመጀመሪያው አጋማሽ ግን ጥሩ ተንቀሳቅሰዋል" አሉ።